በየደብሩ የተከሰሱት ሻምበል

የሻምበል አድማሱን ሞት የሰማሁት ቀኝ እጄ እስከ ክርኑ ላም ውስጥ ገብቶ ሳለ ነው። ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ካለ አንድ መንደር ጥጃ ጠማማ መጥቶባቸው ጠርተውኝ ነበር። ስልኬ ኪሴ ውስጥ አላርፍ ሲል የላሟ ባለቤት አወጣና ጆሮዬ ላይ ለጠፈልኝ።

«አንቺ ስንዱ» አሉ እማማ ትርንጎ። የሚደውሉት ከሆስፒታል ነው፤ ድምፃቸው ግን ያለ ስልክም የሚደርስ ነው። «ሻምበልሽ ሞተ። አሁን፣ በዚች ደቂቃ። አንዲት ደብር ስትቀረን ሞተብኝ። እንዲህ ያለ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ማነው የሞተው?» አለኝ የላሟ ባለቤት። «ፈረስ ሰርቀው የነበሩ ትልቅ ሰው» አልኩት። ሳቄ መጣ፤ ሳቄን ተከትሎ እንባዬ መጣ፤ እንባዬን የምጠርግበት ንጹሕ እጅ ስላልነበረኝ ሰውየው በነጠላው ጫፍ ጠረገልኝ። ጥጃው ግን በሰላም ወጣ። ወንድ ነው። ስሙን ሻምበል አሉት።

ሰቆጣ ውስጥ ሻምበልን የማያውቅ አልነበረም። ሰማንያ ዓመት ሞልቷቸው ወገባቸው ያልጎበጠ፣ ካኪ ኮታቸውን እስከ አንገት ቆልፈው፣ ደረታቸው ላይ ሁለት ሜዳይ አንጠልጥለው፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ የግልቢያ ቦት አድርገው የሚሄዱ ሰው ነበሩ። ፈረስ ብቻ የላቸውም። የሚሳፈሩት ባጃጅ ነው። ባጃጁ ውስጥም ቢሆን ጀርባቸው መደገፊያውን አይነካም። ሾፌሩ አቀበት ላይ ሲያስጨንቀው «አታስገድደው፣ ልጓሙን ላላ አድርግለት» ይሉታል። ሾፌሩም የሚያላላው ነገር ምን እንደሆነ ሳያውቅ «እሺ ሻምበል» ይላል።

በንጉሡ ዘመን የፈረሰኛ ጦር መኮንን ነበሩ። አንደኛውን ሜዳይ ያገኙት ቆላ አገር ወንዝ ሞልቶ መንደር ሲከብ በፈረስ ሰባት ጊዜ ተሻግረው ሰው በማውጣታቸው ነው። ይህን የነገሩኝ ግን ሌሎች ናቸው። እሳቸውን የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ «ውሃ ሞላ፣ ተሻገርን» የሚል ብቻ ነበር። ሁለተኛው ሜዳይ ለምን እንደተሰጣቸው ሲጠየቁ ደግሞ «አንደኛው ብቻውን እንዳይሆን» ይላሉ። ንጉሡም ፈረሰኛ ጦሩም ካለፉ በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ የንብረት ክፍል ሲሠሩ ኖሩ፤ ጡረታ ሲወጡ ወደ ዋግ ተመለሱ፣ ሰቆጣ ላይ ሁለት ክፍል ተከራዩና ማንም ያልሾማቸውን ሥራ ጀመሩ።

ሥራው ይህ ነው። በእኛ አገር ገበሬ በበዓል ቀን እርፍ አይጨብጥም። በየወሩ ሚካኤል አለ፣ ማርያም አለች፣ ጊዮርጊስ አለ፤ የደብሩ የራሱ ታቦት የሆነ እንደሆነማ እንጨት እንኳ የሚሰብር የለም። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ካለ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ጠላውን እየቀመሰ ይውላል። ሻምበል ይህን አይተው «እዚህ አገር የተሰበሰበ ሕዝብ ሞልቷል፤ የጠፋው ተናጋሪ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር የሚያውቅ ሰው አያመልጣቸውም። ጡረታ የወጡትን የጂኦግራፊ አስተማሪ መምህር አያሌውን ያዙ፣ አንዲት ነርስ ያዙ፣ እኔን የእንስሳት ሐኪሟን ያዙ። በየታቦቱ ቀን በየደብሩ እየወሰዱ ያናግሩናል። አንዱን ዙር «ግልቢያ» ይሉታል። የጊዜ ሰሌዳው ግድግዳቸው ላይ ተለጥፎ ነበር፤ የትኛው ደብር፣ በየትኛው ታቦት ቀን፣ ማን፣ ስለ ምን እንደሚናገር፣ መኪና የሚቆምበትና በቅሎ የሚነሳበት ሰዓት ሳይቀር ተጽፎበታል።

እኔ የተያዝኩት በበቅሎ ምክንያት ነው። ጀርባዋ የተላጠ የኪራይ በቅሎ እየጎተቱ ክሊኒኩ መጡና ሳክም ቆመው አዩኝ።

«እጅሽ ያውቃል» አሉ በመጨረሻ። «አፍሽስ?»

«አፌም ያውቃል» አልኩ።

«አልሰማሁሽም።»

«አፌም ያውቃል።»

«አሁንም አልሰማሁሽም። የፊታችን ማርያም ትናገሪያለሽ።»

ድምፄ ከልጅነቴ ጀምሮ ለራሴም በቅጡ አይሰማኝም። ሻምበል ለሚያዞሯቸው ተናጋሪዎች ሁሉ እንደ ድሮ ጀግኖች የፈረስ ስም ያወጡ ነበርና እኔን «አባ ለሆሳስ» አሉኝ። ሴት ነኝ ብል «ፈረሱ ቅር አላለውም፣ አንቺ ምን ቤት ነሽ» አሉ። መምህር አያሌው ንግግር ከጀመሩ ፀሐይ ታዘቅዝቃለች እንጂ እሳቸው አያቆሙም፤ ስማቸው «አባ ይቀጥላል» ነው። ሻምበል ለእሳቸው ሲሉ ፊሽካ ገዝተው በአንገታቸው አንጠልጥለዋል።

የእኔን ድምፅ ለማውጣት ከከተማው ዳር ካለው ሸለቆ ወዲህ ማዶ አቆሙኝና እሳቸው ወዲያ ማዶ ተሻገሩ። እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው የንግግሬን ርእስ እንድጮህ ምልክት ሰጡኝ። ርእሴ አባ ሰንጋ ነበር፤ በአንድ ሌሊት በረት የሚጨርሰው የከብት በሽታ። «አባ ሰንጋ» አልኩ። አልሰማሁም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ደገምኩ። ነቀነቁ። ሦስተኛው ላይ ተናደድኩና ከሆዴ አወጣሁት። ሸለቆው ተቀብሎ ሦስት አራት ጊዜ መለሰው። ከዚያ ታች ካሉት ቤቶች ሰው እየወጣ ከብቱን መንዳት፣ በረት መዝጋት፣ ልጁን መጥራት ጀመረ። አንዲት ሴት ጥጃዋን ታቅፋ ስትሮጥ አየሁ። ሰውን ለማረጋጋት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ከቤት ቤት እየዞርኩ በሽታው እንዳልገባ ማልኩ። ሻምበል በበኩላቸው በደስታ ፊታቸው በርቶ ነበር።

«ይኸ ነው ንግግር ማለት» አሉኝ። «ሰው ሰምቶ ከብቱን አስገባ። አያሌው በሁለት ዓመት አንድ ዶሮ አላስገባም።»

እሳቸው ራሳቸው ግን በሰው ፊት አይናገሩም። ተናጋሪውን የሚያስተዋውቁት በሦስት ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ይህች ዶክተር ናት። የምታውቀውን ትነግራችኋለች። ልጅ ናት ብላችሁ እንዳትንቋት።» ከዚያ ዞር ብለው በቅሎዎቹ ጋ ይቆማሉ። ሕዝቡ ስለ ሜዳዩ ንገሩን ሲላቸው ፊሽካውን ይነፋሉ።

ሰሌዳው ላይ አንድ ባዶ ቦታ ነበር። ወር በገባ በ፳፫ ጊዮርጊስ፣ ደሃና፣ ግራምባ ጊዮርጊስ ይላል፤ የተናጋሪው ስም የለም። ከአምደወርቅ አልፈን ስንሄድ ግራምባ ከሩቅ የምትታይበት ጋራ ላይ ስንደርስ ሻምበል ሁልጊዜ ከበቅሎ ይወርዳሉ፣ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ፣ ትንሽ ቆመው ያያሉ፤ ከዚያ ሁለት ሰዓት የሚያስዞረውን መንገድ ይዘን መንደሯን እንሸሻታለን። አንድ ቀን እግሬ ተቃጥሎ ነበርና ለምን እንደምንዞር በቁጣ ጠየቅኋቸው።

«ፈረስ ወስጃለሁ» አሉኝ።

የተወለዱት ግራምባ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው የጎረቤታቸውን ፈረስ ለጥምቀት ጉግስ ያሠለጥኑ ነበር። ፈረሱ ዳማ ይባላል፤ በደሃና የሚወዳደረው አልነበረም። አንድ እሑድ ባለቤቱ ቅዳሴ ቆሞ ሳለ ልጅ አድማሱና ዳማ አብረው ጠፉ፤ ልጁ ወደ ንጉሡ ከተማ ገብቶ ፈረሰኛ ሆነ። የፈረሱ ባለቤት ሊሞት ሲል ንስሐ አባቱን ጠርቶ ግዝት አስጣለ። «ዳማን ከበረት ያወጣ ሰው ከቤቴ ሳይታረቅ የጊዮርጊስን ደጅ እንዳይረግጥ» አለ። ግዝት ደግሞ እንደ ፍርድ ቤት ወረቀት አይደለም፤ ቄሱ ቢሞት ለሚተካው ቄስ ይተላለፋል እንጂ አይሻርም። ከዚያ ቤት በሕይወት የቀሩት የባለቤቱ ልጅ እማማ ትርንጎ ብቻ ናቸው። እሳቸው አፋቸውን ከፍተው ታርቄያለሁ ካላሉ የሚፈታው የለም።

«ምን ቸገረዎት ታዲያ» አልኳቸው፤ «አገሩ ሁሉ ያከብርዎታል።»

«እናቴ እዚያ ናት» አሉ። «እዚያ ነው መቀበር የምፈልገው። ደጁን ሳልረግጥ እንዴት እቀበራለሁ?»

በሌላ ሰው ቢሆን ሽማግሌ ይልክ ነበር። ሻምበል ግን ስድሳ ዓመት አፍረው ቆይተዋል፤ የሚያውቁትም አንድ ዘዴ ብቻ ነው፤ ተናጋሪ መላክ። በጊዮርጊስ ቀን እኔንና መምህር አያሌውን ግራምባ ላኩን። ስለ ከብት በሽታ እንድናገር፣ ስማቸውን እንዳላነሳ፣ ግራምባ ግልቢያው ውስጥ ከገባች በኋላ ቀስ በቀስ እንደሚታሰብበት ነገሩኝ። እሳቸው ጋራው ላይ የሩቅ ማያ መነጽር ይዘው ቀሩ።

ዛፉ ሥር ደረስን። መምህር አያሌው ነጭ ጋቢ ለብሰው ምርኩዝ ይዘዋል፤ ጺማቸው ደረታቸው ላይ ደርሷል። የግራምባ ሰዎች ተነስተው «ተቀመጡ» አሉን። ሻምበል ተናጋሪ ቆሞ ነው የሚናገረው ብለው ስላሠለጠኑኝ፣ ሸለቆ በሚያሻግረው ድምፄ «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አልኩ።

ጉርምርምታ ተነሳ። እኛ አገር እንዲህ የሚል እንግዳ አንድ ብቻ ነው፤ በዳይ የላከው የእርቅ ሽማግሌ። ሽማግሌ ጉዳዩ ካልተሰማለት አይቀመጥም። ይህን እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ያን ቀን ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ግን አባ ሰንጋ ብቻ ነው።

«ባለፈው ጊዜ ስንት እንስሳ አጥታችኋል?» ብዬ ጀመርኩ።

ሰዎቹ ተያዩ። አንድ አዛውንት «አንድ» አሉ።

«አንድ ብቻ? እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ነበር?»

«ፈረስ።»

«ሞተ?»

«መሞቱን በምን እናውቃለን? ሄደ እንጂ።»

«ከመሄዱ በፊት ይበላ ነበር?»

«ገብስ ነዋ፣ ከልጆቻችን አፍ እየነጠቅን።»

«ከዚያስ ምን ሆነ?»

«ከዚያማ የላከሽ ሰው ወሰደው» አሉ አዛውንቱ። መምህር አያሌውን ዞሬ ባያቸው አጋጣሚ የማያሳልፉ ሰው ናቸውና ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ ወገኖቼ፣ ይህ ነገር ከየት ተነሳ ብለን ስንጠይቅ» ብለው ጀምረዋል።

ከሴቶቹ መካከል አንዲት ቀጭን አሮጊት ተነሱ። እማማ ትርንጎን ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። «እናንተ ዝም በሉ» አሉ። «ሽማግሌም አይደላችሁ። ጋራው ላይ የሚያብለጨልጨው ማነው?»

ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ብድግ ብሎ ወደ ጋራው ዞረ። የሻምበል መነጽር ፀሐይ መትቶት ቦግ ቦግ ይላል። እሳቸው ደግሞ ከላይ ሆነው ያዩት ሕዝቡ በላያችን ሲነሳ ነው፤ ሊደበድቡን መሰላቸው። በቅሎዋን ሲኮረኩሩ አየሁ። በሕይወቷ ሮጣ የማታውቅ በቅሎ ቁልቁለቱን አቧራ እያስነሳች መጣች፤ ኮፍያቸው ወድቋል፣ ሜዳዮቹ ይንቃጨላሉ፣ ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሰው እርካቡ ላይ ቆመው ይጋልባሉ። እንደዚያን ቀን ያማሩበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም። ከአጥሩ ወዲህ ዛፉ ሥር ገቱና «ማነው የነካት?» አሉ።

«ማንም አልነካትም» አሉ እማማ ትርንጎ። «አንተ ግን መጣህ።»

ሻምበል ያኔ የት እንደቆሙ ገባቸው። ከበቅሎዋ ወረዱ፣ መሬቱን አዩ፣ አንድ ድንጋይ አንስተው ማጅራታቸው ላይ አድርገው ጎነበሱ። ይቅርታ የሚለምን ሰው ወጉ ይህ ነው።

እማማ ትርንጎ ቀረብ ብለው ድንጋዩን መረመሩት። «ይኸ ለዶሮ ነው» አሉ። «የጠፋው ፈረስ ነው።»

ሻምበል የሚበልጥ ድንጋይ አነሱ።

«ይኸ ለበግ ነው።»

ሦስተኛውን ለማንሳት እኔና መምህር አያሌው ረዳናቸው። ሰው መሳቅ ጀመረ፤ እማማ ትርንጎ ብቻ አልሳቁም።

«ስንት ደብር ዞርህ?» አሏቸው።

«አሥራ ሁለት።»

«አሥራ ሁለት ቦታ ሰው ሜዳይህን አይቶ ተነስቶልሃል። እኔም አሥራ ሁለቱም ቦታ ሄጄ ያደረግኸውን እናገራለሁ። አሥራ ሦስተኛውን እዚሁ ደጃችን ላይ እናገራለሁ። ያን ጊዜ ለቄሱ ቃሌን እሰጣለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን አልታረቅህም።»

ሻምበል ድንጋዩን እንደተሸከሙ ዓይናቸውን ብቻ ቀና አደረጉ። «የመንገድ ጫማ አለሽ?» አሉ።

«ምን?»

«የፊታችን ማርያም ደብሩ ሩቅ ነው። ጫማ ከሌለሽ ከአምደወርቅ አስመጣለሁ።»

እንዲህ ሆኖ ግልቢያችን አዲስ ተናጋሪ አገኘ። እማማ ትርንጎ በበቅሎ፣ ሻምበል ልጓም ይዘው በእግር። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ግራምባን ለቀው ከአምደወርቅ ርቀው አያውቁም ነበር፤ በቅሎዋ ስትደናቀፍ በአገራቸው ቋንቋ በኻምጣንጋ ይሰድቧታል፣ ሻምበልን ግን በአማርኛ፣ ሁላችንም እንድንሰማ። ሻምበል የፈረስ ስም አወጡላቸው፤ «አባ ክሱ»። ደስ እንዳላቸው ያወቅሁት ሦስት ጊዜ አስደግመው ስለሰሙት ነው።

ሲናገሩ ደግሞ እኛ ሁላችን ኖርንም አልኖርንም ሆነ። የአባታቸውን ኩራት፣ የዳማን አንገት አያያዝ፣ ጉግስ ላይ ከሌሎቹ ፊት ሲወጣ ሴቱ እንዴት እልል እንደሚል፣ ባዶውን በረት ያየው አባታቸው እንዴት ሦስት ቀን እህል እንዳልቀመሰ ይናገራሉ። «ሌባው ያውና» ብለው በምርኩዛቸው ሲጠቁሙ አንድ ሺህ ዓይን ወደ በቅሎዎቹ ይዞራል። ሻምበልም ቀጥ ብለው ሰላምታ ይሰጣሉ። ከዚያ በፊት የፊት ረድፉን ያስቀመጡት፣ ሕፃናቱን ዝም ያሰኙት፣ የእማማ ትርንጎ ድምፅ ወደ ኋላ እንዲደርስ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ በጣታቸው የለኩት እሳቸው ናቸው። አንዳንዴ እማማ ትርንጎ ሲዘነጉ ጠጋ ብለው «የጅራቱን ነገር ዘለልሽው» ይላሉ። እማማ ትርንጎም «አዎ፣ ጅራቱ» ብለው ይቀጥላሉ።

አምደወርቅ ላይ ሰው ዛፍ ላይ ወጥቶ ሰማ። ከቀደመው ደብር የሰሙት እንደገና ለመስማት ተከትለውን መጥተው ነበር። እዚያ ነው አንድ ወጣት ተነስቶ የጠየቀው። በማግሥቱ በጅቡቲ በኩል ሊሻገር የተነሳ መሆኑን ጓደኞቹ ነግረውናል። «ፈረሱስ?» አለ። «ከአገሩ ወጥቶ ደላው ወይ?»

እማማ ትርንጎ ወደ ሻምበል ዞሩ። ሁላችንም ዞርን። ሻምበል ፊሽካውን አነሱ፣ መልሰው ጣሉት፤ በሰው ፊት ሲናገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋቸው።

«አልተቀበሉትም» አሉ። «እኔን ተቀበሉኝ፣ እሱን ግን ቁመቱ አጭር ነው ብለው ከበር መለሱት። በደሃና የሚወዳደረው ያልነበረ ፈረስ ነው። ሱሉልታ አንድ ገበሬ ቤት አስቀመጥኩት። በየእሑዱ ገብስ ይዤ እሄዳለሁ። ገብሱን ይበላል፤ እኔን አያየኝም። እስኪሞት ድረስ ዘጠኝ ዓመት አኮረፈኝ።»

ሕዝቡ ሳቀ። ወጣቱ አልሳቀም፤ በማግሥቱ ይሂድ ይቅር አላወቅሁም። እማማ ትርንጎ ግን ከዚያ ደብር በኋላ ሻምበልን «ሌባው» ማለት ትተው «ወሳጁ» ማለት ጀመሩ።

አንድ ነገር ግን ያን ጊዜ አይቼ አልገባኝም። ዘጠነኛው ደብር ላይ አንዲት ሴት ተነስታ «ሁሉ ሰው ቅዳሴ ከሄደ ቤቱን የሚጠብቅ አልነበረም?» ብላ ጠየቀች። እማማ ትርንጎ አፋቸውን ከፈቱ። ሻምበል ወዲያው ፊሽካውን ነፉ። ሰዓቱ ገና ነው ብላቸው «በቅሎዎቹ ደክመዋል» አሉኝ። በቅሎዎቹ ጥላ ሥር ቆመው ድርቆሽ እየበሉ ነበር።

አሥራ ሁለቱ ደብር ከክረምቱ በፊት አለቀ። አሥራ ሦስተኛው፣ ግራምባ፣ መንገዱ ሲደርቅ እንዲሆን ተቀጠረ። መስከረም ሲጠባ ሻምበል ታመሙ። እማማ ትርንጎ ከደሃና ወርደው ሆስፒታሉ ውስጥ አልጋቸው ሥር ምንጣፍ ዘረጉ። አንዲት የክፍሉ ነርስ የሕመምተኛው ምን ነዎት ብላ ስትጠይቃቸው «ከሳሹ ነኝ» አሉ፤ ነርሷም ግራ ገብቷት ዘመድ ብላ ጻፈች።

ሻምበል እኔን ጠርተው አዲስ ሰሌዳ አስጻፉኝ። የራሳቸው ቀብር ነው። ከሰቆጣ እስከ አምደወርቅ በመኪና፣ ከዚያ በቃሬዛ፤ የሚነሳበት ሰዓት፣ የሚያርፍበት ቦታ፣ ማን በየትኛው አቀበት እንደሚሸከም።

«ንግግሩ ከቀብሩ በፊት ነው» አሉ። «ከአርባ ደቂቃ እንዳይበልጥ። አያሌው አይናገር።»

«እማማ ትርንጎ ቃላቸውን ባይሰጡስ?» አልኳቸው። ይህን መጠየቅ ከብዶኝ ነበር፤ ግን ሰሌዳው ላይ አልተጻፈም።

«ወደ ሰቆጣ መልሱኝ። አትከራከሯት። አልችልም ካለች የማትችልበት ምክንያት አላት።»

በነጋታው ላሟ ጋ ስልክ ተደወለልኝ።

ሰሌዳው እንዳለው አደረግን። ግራምባ ስንደርስ ሕዝቡ ከአጥሩ ውጭ ሞልቶ ነበር። ቄስ ገብረ ሕይወት፣ ግዝቱን ከአጎታቸው የተረከቡት ቄስ፣ መስቀላቸውን ይዘው ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመዋል። ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን ዛፉ ሥር አሳረፉት። ከዚያ አንድ እርምጃ የሚያልፍ አልነበረም። ሁሉም እማማ ትርንጎን ያያል።

«ትርንጎ፣ ቃልሽን ስጪ» አሉ ቄሱ።

«መጀመሪያ እናገራለሁ» አሉ እማማ ትርንጎ። «ሕዝቡ ይቀመጥ።»

የሚያስቀምጠው ሰው ቃሬዛው ላይ ነበር። ስለዚህ እኔ ጮህኩ። ለቅሶኛው ሁሉ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

እማማ ትርንጎ እንደ ወትሮው ጀመሩ። አባታቸው፣ የዳማ አንገት፣ ጉግሱ፣ ጅራቱ። ከደብር ደብር የተከተሉን ሰዎች ቀጥሎ የሚመጣውን ስለሚያውቁ ገና ከአሁኑ ፈገግ ብለዋል። እሑዱ ላይ ደረሱ፤ አባታቸው ቅዳሴ ሄደ፤ እዚያ ላይ ቆም አሉ። የረሱ መስሎኝ ልጠጋቸው ስል እጄን ያዙኝ።

«በረቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ፈገግታው ከየፊቱ ጠፋ።

«የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤት ጠባቂ እኔ ነበርኩ። አድማሱ በእግሩ ሊሄድ ነው ሊሰናበተኝ የመጣው፤ ስንቁን ይዞ፣ ፈረሰኛ እሆናለሁ ብሎ። ያለ ፈረስ ብትሄድ ይስቁብሃል አልኩት። አይሆንም አለ። እኔ ፈታሁት። ኮርቻው ስላልደረሰልኝ እሱ ጫነው። ለጥምቀት መልሰው አልኩት፣ እሺ አለ፣ አልመለሰም። ተናድጄ ነበር። አሁንም ተናድጃለሁ። ግን አባቴ ማን አወጣው ሲል ዝም አልኩ። ግዝቱ ሲጣል እዚያው እግሩ ሥር ቆሜ ነበር፣ ዝም አልኩ። አባቴ ፈረሱን የወሰደው አላለም፤ ከበረት ያወጣ ነው ያለው። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ስድሳ ዓመት እኔም ደጁን አልረገጥኩም፤ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነው ያስቀደስኩ። እናንተ ጉልበቷን ያማታል ትሉኛላችሁ። ጉልበቴ ደህና ነው።»

ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ። «አሥራ ሁለት ደብር ሌባ ስለው አጠገቤ ቆሞ ሰው ያስቀምጥልኝ ነበር። አንድ ቀን እሷ ናት አላለም። በየደብሩ ዛሬስ ይለኛል እያልኩ እጠብቅ ነበር። ብሎኝ ቢሆን ያርፍልኝ ነበር።»

ቄስ ገብረ ሕይወት መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀረቡ። ዓይናቸው ቀልቷል። «ምነው ትርንጎ» አሉ፤ «ምነው በሕይወቱ እያለ ይህን ብትናገሪ?»

«እሱማ ያውቅ ነበር» አሉ እማማ ትርንጎ። «ያላወቃችሁት እናንተ ናችሁ።»

ሣሩ ላይ ከተቀመጡት አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሌላው ሳቀ፤ ከዚያ ሴቶቹ ለቅሶውንም ሳቁንም አብረው ለቀቁት። እኔም በአባ ለሆሳስ ወግ ሳይሆን ሸለቆ በሚያሻግር ድምፅ አለቀስኩ። ቄሱ መስቀሉን መጀመሪያ ቃሬዛው ላይ፣ ቀጥሎ እማማ ትርንጎ ግንባር ላይ አድርገው ግዝቱን ፈቱ። ተሸካሚዎቹ ሻምበልን አንስተው በደጀ ሰላሙ አለፉ። እማማ ትርንጎ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ እጄን ለቀቁና ከኋላቸው ገቡ።